የጋሽ ይማም ሽማግሌዎች

ስልኬ የጮኸው ደብረ ሲና የምሠራበት መድኃኒት ቤት በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። «ጋሽ ይማም ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ» አሉኝ እትዬ ላቀች ከሸዋ ሮቢት። እትዬ ላቀች የጋሽ ይማም የአጥር ጎረቤት ናቸው። ሱቅ አላቸው፤ በሰፈሩ ክፉም ሆነ ደግ ሲሆን ቀድመው የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ድንኳኑ ግን መንገድ ላይ ነው የተተከለው፤ ስትመጪ ግራ እንዳይገባሽ» አሉ።

ግራማ ገባኝ። በዚያች ሰው በምትጠብስ ከተማ የጋሽ ይማምን ግቢ ያህል ጥላ ያለው ቤት የለም። ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቀምጥ ጥላ እያለ ለቀስተኛው አስፋልት ዳር ለምን ይቃጠላል? ከደብረ ሲና ቁልቁል በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የማሰላስለው ሞታቸውን ሳይሆን ድንኳኑን ነበር። ሰው ሲደነግጥ ትንሹን ነገር ይዞ ነው የሚሄደው።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት የወረድኩት እዚያ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ነው፤ የተከራየሁት ደግሞ የጋሽ ይማምን ግቢ አንዷን ክፍል። ስሜ ሙሉ ነው፤ እሳቸው ግን «ደጋዋ» ነው የሚሉኝ። ሙቀቱን ስረግም በሰሙ ቁጥር፣ «እኛ በዚህ ፀሐይ በስለን ነው የተወለድነው፤ አንቺ ጥሬ ነሽ» ይሉኛል። እኔም አፍ አላጣሁም። በዚሁ ተግባባን።

ዕድሜያቸውን የፈጁት ከባድ መኪና መሪ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ አሰብ። ጡረታ ሲወጡ እሳቸው ከመኪናው ወረዱ እንጂ መኪናው ከሳቸው አልወረደም። ከወንበር ሊነሡ ሲሉ ጭናቸውን መታ አድርገው «ማርሽ ላስገባ» ይላሉ። የሰው በር ላይ ሲደርሱ አያንኳኩም፤ በአፋቸው ክላክስ ያሰማሉ። «አይሆንም» የሚል ሰው ፊታቸው አይበረክትም። «መኪና አልነሣም ሲልሽ ወርደሽ ትገፊዋለሽ ወይስ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» ብለው ያፈጣሉ፤ መልስ አይጠብቁም። ይህ መተማመናቸው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ግን ያን ያህል እርግጠኛ ሆኖ የሚያናድደኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ዋናው በሽታቸው ግን ቤት መዋል ነበር። በግቢው መካከል የነበረውን ትልቅ ማንጎ ምስጥ በልቶ ከጣለው ወዲህ ወደ ውጭ ብቅ ማለት ትተዋል። የቆርቆሮው ቤት እንደ ምድጃ ይነዳል፤ ግቢው ደግሞ ራቁቱን ቀርቷል። እትዬ ዘሀራ ጨለማው ክፍል ውስጥ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ያንን ባዶ መሬት ሲያዩ ይውላሉ። ጤና ጣቢያ ይነሡ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ነፋስ ያግኙ ብለዋቸዋል። «ወዴት ልውጣ? ፀሐይ ላይ ልሰጣ?» ይላሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ይማም የሚስታቸውን መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው መስኮቴ ላይ ተደገፉና፣ «ይህቺን ሴት ከዚያ ክፍል ሳላወጣት አልሞትም፤ ወላሂ» አሉኝ። የሳቸው መሐላ እንደ ሰው መሐላ አይደለም፤ ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የመኪናቸውን አሮጌ ሸራ ግቢው ላይ ወጠሩ። ከሥሩ የነበረው ወበቅ ከፀሐዩ ባሰ። እትዬ ዘሀራ ብቅ ብለው አዩና፣ «ሸራ ሥር መቀመጥ እኮ ጭነት መሆን ነው» ብለው ተመለሱ። ዛፍ ይተከል ቢባል ምስጡ ጠብቆ ይበላዋል፤ ከምስጡ ቢያመልጥም ጥላ እስኪሆን የነዚህ ሰዎች ዕድሜ አይበቃም።

ከዚያ ጋሽ ይማም ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው አንድ ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ከአትክልት ሱቅ የገዙት ነው። አረንጓዴ፣ የእጅ መዳፍ የሚሞላ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ነገር ሆኖ፣ አንዱ ጫፉ ልክ ጥርሱ አልቆ ከንፈሩን ወደ ውስጥ የሰበሰበ አዛውንት አፍ ይመስላል። «ስሙ ማን ነው?» ስላቸው፣ «ባለሱቁ ነግሮኝ ነበር፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጠፋብኝ» አሉ። ከባለሱቁ ነገር በጭንቅላታቸው የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ እንደ ዱባ ይበላል፣ ሐረግ ነው፣ ቤት ያለብሳል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ዓመት ዓመት ይኖራል። ፍሬውን ከፍ አድርገው ያንን የተጨማደደ አፉን አዩና፣ «ሽማግሌ ነው የምለው» አሉ። ስሙ በዚያው ወጣለት።

ግማሹን ቀቅለን በላን። ሊተከል በተለየው ላይ ያደረግነውን ግን በዱባ ያደገ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ጋሽ ይማም ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቀው ዘሩን አወጡት። አንድ ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ልስልስ ያለ። እትዬ ላቀች ከአጥሩ ማዶ «አመድ ያስነኩት» አሉ። አመድ ነካ፤ ጣራ ላይ ተሰጣ፤ መሬት ገባ። ዘር ከሆድ ወጥቶና ደርቆ እንደሚዘራ ለማናችንም ጥያቄ አልነበረም። ሌላም ተሰነጠቀ፤ እሱም አመድ ነካ። ምንም አልበቀለም። እትዬ ላቀች «የከተማ ሽማግሌ ቆላ አይስማማውም» ብለው ፈረዱ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከማድቤቱ በር የጋሽ ይማም ክላክስ ተሰማ። «ደጋዋ፣ ነይ እይ። ሽማግሌው ምላሱን አወጣብኝ።» ከሽንኩርት ቅርጫቱ ጀርባ ተንከባሎ የተረሳ አንድ ፍሬ ነበር። ያ የተጨማደደ አፉ ተከፍቶ፣ ከመካከሉ ለጋ ቡቃያ ወጥቷል። አፈር የለ፣ ውኃ የለ። ጋሽ ይማም ፍሬውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ፣ «እኛ ሆዱን እየቀደድን ልጁን ስንገድል ከረምን እኮ። ይኸ ከነልጁ ነው የሚተከል» አሉ።

ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ውኃው በሚወርድበት በግንቡ ጥግ፣ መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርገው ፍሬውን ጋደም አደረጉት፤ ወገቡ ድረስ ብቻ አፈር አለበሱት። «ሙሉ በሙሉ አይቀበርም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሽማግሌ ቁጭ በሉ ይባላል እንጂ ይቀበራል እንዴ?» አሉኝ። ቀትር ላይ ኬሻ ያጠሉለታል፤ ሲመሽ ያነሡለታል።

ክረምቱ ሲገባ ሐረጉ ግንቡን ወጣ። በጋው ሲመጣ ግን ውኃ ጠፋ፤ ቅጠሉ ከስሞ እጅ ላይ የሚፈረፈር ገለባ ሆነ። እትዬ ላቀች በአጥሩ ላይ ሳቁ። ጋሽ ይማም ግን የእጅ መታጠቢያቸውን ውኃ ሳይቀር ያንን ባዶ መሬት ማጠጣታቸውን አልተዉም። «የሞተ ነገር ነው እኮ የሚያጠጡት» ስላቸው፣ «ሞተሩ ጠፋ እንጂ መኪናው አልተሸጠም» አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከሥሩ ሁለት ሦስት ሆኖ ወጣ፤ እንደ ቀደመው ዓመት ሳይሆን አውራ ጣት አክሎ። እትዬ ላቀች ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሐረጉ ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

ሐረጉ የሚጠመጠምበት ሲያስፈልግ ጋሽ ይማም ከአንድ ጋራዥ የአሮጌ መኪና የሸራ ማቆሚያ ቅስቶችን አምጥተው ከበሩ እስከ ግንቡ ድረስ ተከሉ። ብረት ነው፤ ምስጥ አይበላውም። ግቢው ዳስ ሆነ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። መንገደኛው ሁሉ በበሩ አንገቱን እያስገባ «ማን ሊዳር ነው?» ይላል። እትዬ ላቀችም አንድ ቀን፣ «ይማም፣ ድግስ ሳይኖር የቆመ ዳስ ለቅሶ ይጠራል፤ ይተዉት» አሉ። ያሉት ጮክ ብለው ነበር። ገርበብ ብሎ የነበረው የእትዬ ዘሀራ በር ተዘጋ።

ማታ ግፊታቸውን ልለካ ስገባ ፊታቸው ጠቁሯል። «እኔን ሊቀብረኝ ነው» አሉኝ። ለማባበል ጥላ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ሐረግ ነው እያልኩ ስንተባተብ እጃቸውን ከመለኪያው ነጠቁ። «አንቺ አታውቂም» ብለው ነገሩኝ። የካራቆሬ ልጅ ናቸው። ጋሽ ይማም በወጣትነታቸው ሽማግሌ ሲልኩ አባትየው ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ አቆሟቸው፤ በዚያ ፀሐይ ቁጭ በሉ ሳይሏቸው፣ ውኃ ሳይሰጧቸው መለሷቸው። እንደገና መጡ፤ እንደገና ቆመው ተመለሱ። በኋላ ዘመድ ተማልዶ ኒካሁ ታሰረ። «አባቴ ግን፣ ዛሬ ደሴ ነገ አሰብ ለሚል ሹፌር በደጄ ዳስ አልጥልም አለ። ዳስ ሳይጣልልኝ ነው የወጣሁት፤ እቃዬን በእጄ ይዤ መኪና ላይ። ጓደኞቼ ሁሉ በዳስ ተዳሩ። ያኔ ለሰርጌ ያልቆመ ዳስ ዛሬ ለሬሳዬ ይቁም?» አሉ። ይህን ያህል ዓመት በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። መለኪያዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «ዳሱ አይደለም ያስከፋት፤ ሽማግሌ ቁጭ ሳይል ዳስ መቆሙ ነው» አሉ። ከዚያ ጭናቸውን መታ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዳሱ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ክረምቱ አለፈ፤ ሐረጉ ቅስቶቹን ለበሰ፤ ጥቅምት ላይ ፍሬው ከላይ እየተንጠለጠለ መጣ። አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ጠሩኝ። ትሪ ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግተው፣ በፎጣው ላይ ደህና የተጨማደደ አፍ ያላቸውን ሦስት ፍሬዎች መርጠው ደርድረዋል። «ውሰጂልኝ። አፍ ትሆኛቸዋለሽ» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ። ክርስቲያንም ነኝ። ሽማግሌ ሆኜ ልሄድ?»

«ሽማግሌዎቹ እነሱ ናቸው። አንቺ ረዳት ነሽ፤ ጭነቱን ታደርሻለሽ፤ ያሉሽን ተቀብለሽ ትመለሻለሽ።»

ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። እትዬ ዘሀራ በሩን ከፍተው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ትሪውን አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀና ብለው፣ «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

ወጉን አባቴ ቤት አይቼዋለሁ። «ለደግ ነው። ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አልኩ።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነበር፤ አሁን ቆሟል።»

«የቆመ ሹፌር ይሻላል» አሉ ሳይስቁ። «ግን እንዲህ በአንድ ቀን አይሆንም። ዘመድ እንጠይቅበት። ሌላ ቀን ኑ።» በሩ ተዘጋ።

ጋሽ ይማም ከቤቱ ጥግ ዞሮ ካለው ግድግዳ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «መለሰችን» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «መለሰችን? አልሀምዱሊላህ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የምትባል ልጅ ምን ቤት አላት?» አሉ።

በማግስቱ ሄድን፤ ተመለስን። ሽማግሌዎቹ መጠውለግ ስለጀመሩ ጋሽ ይማም በሌላ ለወጧቸው። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሀራ በሩን ከፍተው ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ። በእጃቸው አንዱን ፍሬ ዳበስ አደረጉት። «አባቴ፣ አላህ ይማረው፣ እነዚያን ሰዎች ፀሐይ ላይ አቁሞ መለሳቸው። እኔ በቀዳዳ አያቸው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ እግሩን እያቀያየረ ነበር የሚቆመው» አሉ። እጃቸውን ከፍሬው ላይ አነሡ። ከዚያ፣ «ቁጭ በሉ በያቸው» አሉኝ።

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከጀርባዬ አንድ ነገር ሰማሁና ዞርኩ። ጋሽ ይማም ከጥጉ ወጥተው ኖሯል። ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ፤ እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ። አልደብቅህም፣ አንባቢ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ሰርጉ በሳምንቱ ሆነ። ልጆቻቸው ከደሴም ከዓረብ አገርም በስልክ ሳቁባቸው፤ መረቁም። ጋሽ ይማም ምንም አላረዱም። በኛ አገር ሥጋ ከቀረበ ማን ባረከው ይባላል፤ የእስላሙ ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ ይሰናዳል፤ ዳሱም ለሁለት ይከፈላል። «በኔ ሰርግ ማንም ቢላዋውን አይጠይቅም» አሉ። ሽማግሌው አልጫ ሆኖ፣ ለጋ ቅጠሉ ጎመን ሆኖ ቀረበ፤ ሁሉም ከአንድ ገበታ በላ። መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ ላቀች ናቸው፤ ባዶ ዳስ ለቅሶ ይጠራል ያለውን ምላሳቸውን በዚያ ያስታረቁት ይመስለኛል። እትዬ ዘሀራ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው የጋሽ ይማምን ክንድ ይዘው ከዚያ ክፍል ወጡ። ዳሱ ሥር ተቀምጠው ወደ ላይ ቀና አሉና፣ «ይኸ ሁሉ አዛውንት በላዬ ተንጠልጥሎ እንዴት ብዬ ነው የምጎርሰው?» አሉ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘሀራ ቤት ውስጥ አልዋሉም። ጠዋት ወጥተው ሐረጉን ያቀናሉ፤ ቀትር ላይ ከሥሩ ጋደም ይላሉ። ግፊታቸውም ሻል ብሎ ነበር፤ የለካሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ፍሬውም በከተማው ተበተነ። ልጃገረዶች በር ላይ ቆመው «እማማ ሽማግሌ ላኩልን ብላለች» ሲሉ መስማት የተለመደ ሆነ። ያልሰማ ሰው አሁንም ሰንጥቆ ዘሩን አመድ ያስነካል፤ ጋሽ ይማም ይህን ሲሰሙ በባጃጅም ቢሆን ደርሰው ይቆጡ ነበር። እኔ ወደ ደብረ ሲና ተመልሼ ሥራ ስይዝ አንድ ምላሱን ያወጣ ፍሬ ሰጥተውኝ፣ «ብርድ ላይ አታቁሚው» አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ለኔ ይኼ ነው።

ሚኒባሱ ሲያወርደኝ ድንኳኑ በእርግጥም መንገዱ ላይ ነበር። ቀብሩ አልቋል፤ ወንዶቹ ላብ እያጠመቃቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ላቀች በሩ ላይ አገኙኝና ክንዴን ያዙኝ። «የዕድሩ፣ የቅሬው ሰዎች አግዳሚውን ይዘው ዳሱ ሥር ሊያስገቡ ሲሉ ዘሀራ በምርኩዟ በሩ ላይ ቆመች። ይኸ የሰርጌ ዳስ ነው፤ ለቅሶ አይገባበትም አለች። ማን ይከራከራት?» አሉ። ከዚያ ድንኳኑን ዞር ብለው አዩት። «እኔ ባዶ ዳስ ለቅሶ ይጠራል ብዬ ነበር። አየሽ፣ ለቅሶው ራሱ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል።»

በበሩ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። እትዬ ዘሀራ ሐረጉ ሥር ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ይማም ወንበር ከጎናቸው ባዶውን ነው። ያንን ወንበር ሳይ ከደብረ ሲና ጀምሮ በድንኳን ያባበልኩት ለቅሶ ገነፈለብኝ። እየጮኽኩ ልገባ አንድ እግሬን አነሣሁ።

«ደጋዋ» አሉ እትዬ ዘሀራ። በዚህ ስም የሚጠሩኝ ባላቸው ብቻ ነበሩ። «እንባሽን እዚያ ጨርሺና ግቢ።»

ተመለስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ከሴት ከወንዱ ጋር የምችለውን ያህል አለቀስኩላቸው። ሲወጣልኝ ከጀሪካኑ ውኃ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ተመልሼ ዳሱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ከላይ ሽማግሌዎቹ ተንጠልጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ሐረጋቸው ላይ ሳሉ ምላሳቸውን አውጥተዋል። እትዬ ዘሀራ ፊቴን፣ ዓይኔን፣ እጄን አዩ። እንደ ወጉ ትንሽ አቆሙኝ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ።